እናቴ ያስቀረችው ምርቃት

ታላቅ እህቴ ባሕር ኃይል ገብታ ለሥልጠና ባሕር ማዶ ስትሄድ እናቴ ያልሰጠቻት ነገር የለም፤ ከምርቃቷ በቀር።

በሶውን ሰጥታታለች። ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ፣ እኔን ሙቀጫው ላይ አቁማ ቀኑን ሙሉ ስታስፈትገኝ ዋለች። ከተፈጨ በኋላ ነፋሁት፤ እንደገና አስነፋችኝ። «አሁንስ በዛ እምዬ» ብላት፣ «መርከብ ላይ ገለባ ቢያንቃት ማን ጀርባዋን ይመታላታል?» አለችኝ። ዳቦ ቆሎውን ሰጥታታለች። ድርቆሹን፣ ሚጥሚጣውን፣ ራሷ የፈተለችውን ጋቢ ሰጥታታለች። ከደብራችን የመጣ እምነትም በጨርቅ ቋጥራ ጨምራለች፤ እምነት የምንለው በሽተኛ የሚቀባውን፣ መንገደኛ ይዞት የሚሄደውን የቤተ ክርስቲያን አመድ ነው። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ አባቴ ተቀመጠበት።

በእኛ አገር መንገደኛ ከደጅ ሳይወጣ የወላጆቹን ጉልበት ይስማል። እነሱም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ይመርቁታል፤ ሲጨርሱ ግንባሩ ላይ እትፍ እትፍ ይላሉ። ያቺ ጠብታ ማኅተም ናት። በዚያን ቀን ጠዋት አባቴ መረቀ፤ ረጅም ምርቃት ነበር፤ እትፍም አለ። እህቴ ተነሥታ ወደ እናቴ ጉልበት ስትዞር እናቴ ብድግ አለች።

«ጥጃው ተፈትቷል መሰለኝ» ብላ ወጣች።

ጥጃው አልተፈታም። ሁላችንም ከተቀመጥንበት ይታየን ነበር፤ ካስማው ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። እህቴ ተንበርክካ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈችና ሻንጣዋን ያዘች። እናቴ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘቻት፤ አቀፈቻት፣ አለቀሰች፣ በሶውን እንዳትረሳ አስጠነቀቀቻት። ምርቃቱን ግን አላነሣችም።

ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ የስማዳ ልጅ ናት፤ ወደ እስቴ ያመጣት ትዳር ነው። የተወለደችበት ቆላ ከበሽሎ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ክረምት በሽሎ ሲሞላ ዋና የሚያውቁ ጎረምሶች ጀሪካን እያሰሩ ሰውና ዕቃ ያሻግራሉ፤ አሻጋሪ ይባላሉ። ወንድሟ አሻጋሪ ነበር። አንድ ክረምት ለወገዳ ገበያ የመጡትን ሰዎች ሁሉ አሻግሮ ጨረሰ፤ ማዶ የቀረች አንዲት ሴት ስትጣራ ሰምቶ ተመለሰ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አለች ይባላል። እሱን ግን ወንዙ ወሰደው፤ አስከሬኑም አልተገኘ። ልብሱን ዘርግተው አለቀሱለት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ውኃ ዓይታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ጠበል ስትጠመቅ እንኳን ዓይኗን ጨፍና ነው።

እህቴ ደግሞ ለውኃ ያበደች ልጅ ናት። ባሕር ዳር ምህንድስና ስትማር ጣናን አየችና ልቧ እዚያው ቀረ። ባሕር ኃይል ሰልጣኝ ይፈልጋል ሲባል ከማንም ሳትማከር ተመዘገበች፤ ካለፈች በኋላ ነው የነገረችን። እናቴ ያን ዕለት እራት አልበላችም።

እኔ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ። ገጠር ቤታችን ኔትወርክ የለም፤ ከተማው ግን አለ፤ ስለዚህ በእህቴና በእናቴ መካከል ያለሁት ድልድይ እኔ ሆንሁ። ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትመጣ የእህቴን ወሬ እነግራታለሁ፤ የእናቴን መልስ ለእህቴ እልካለሁ። ስልኩ እየተቆራረጠ ቢያስቸግራት ጊዜ፣ «ጻፊልኝ በቃ» አለችኝ እህቴ። «ባሕር ላይ ስሆን እያወጣሁ አነበዋለሁ። ምንም አትተይብኝ።»

መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር የምጽፍላት። ሁላችንም ደህና ነን፣ አባዬ ደህና ነው፣ ላሟ ወለደች። ቀስ በቀስ እጄ ተፈታ። ቀዩ በሬ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ በረዶው የላይኛውን ገብስ እንዴት እንዳስተኛው፣ ድመቷ ጎተራ ውስጥ ወልዳ አባቴ እህል ሊያወጣ እጁን ሲሰድ እንዴት እንደቧጨረችው ጻፍሁላት። አንድ ቀን፣ «ገብሱ ሸተተኝ» ብላ መለሰችልኝ። ይቺን ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አልናገርም። ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ይቻለኛል። በመንገድ ስሄድ ሁሉ ነገር «ጻፊኝ፣ ጻፊኝ» የሚለኝ ይመስለኛል።

እሷም ትጽፍልኝ ነበር። የደረሰች ዕለት ፈታሾች ሻንጣዋን ከፍተው በሶውን ሲያዩ ተደናገጡ። ዱቄቱ ምንድን ነው ብለው አስቆሟት። በማታውቀው ቋንቋ ገብስ ማለት ቢቸግራት፣ አንድ ጭብጥ ዘግና ፊታቸው ላይ ቃመችው። ደረቅ በሶ እንዴት እንደሚያንቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስታስል እነሱ ውኃ ፍለጋ ሮጡ። «እምዬን ንገሪያት፤ ያነቀኝ ገለባው አይደለም፤ የሚያንቅ ገለባ አልነበረውም» አለችኝ። መርከቡ ሲያናውጣት ሌላው ምግብ ሁሉ አልቆይላት ሲል ሆዷ ውስጥ የሚረጋ ያው በሶ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኛ አገር ሰማዩን ተራራ ይቀበለዋል። ቀና ብትዪ ጉና አለ፣ ወዲያ ብትዪ ሌላ ጋራ አለ። እዚህ ግን የሚቀበለው የለም። ሰማዩ ዝም ብሎ ይወርድና በዙሪያሽ ሁሉ ውኃው ላይ ያርፋል፤ አንቺ መሃል ነሽ። የትም ብትሄጂ መሃል ነሽ።» ይህን ሳነብ መማሪያ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የማውቃቸው ጋራዎች ሁሉ አሉ። አንድ በአንድ በሐሳቤ አነሣኋቸው፤ ጉናንም አነሣሁት። ሰማዩ የትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ሲወርድ ታየኝ። እህቴ እንዲህ ባለ ቦታ ቆማለች ለካ። በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን እህቴ።

ይህን ለእናቴ ላነብላት ስል፣ «የውኃውን ወሬ እለፊው፤ ጤናዋን ንገሪኝ» ትለኛለች። እህቴ የላከችውን ፎቶ ሳሳያት እህቴን ብቻ ነው የምታይ፤ ከኋላ ያለውን በአውራ ጣቷ ትከልለዋለች።

ገብስ ታጭዶ ውቂያ በተጀመረበት ሰሞን ነው እንግዲህ መልእክቱ የመጣ።

«በመጪው እሑድ ወደ ጥልቁ እንወጣለን። እስከ ዛሬ የሄድነው ዳር ዳሩን ነበር። ይህ ረጅም ነው፤ ስልክ የለበትም። ይህን ጉዞ የጨረሰ ነው መርከበኛ የሚባል። ይስቁብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ መሰላሉን ልወጣ ስል እግሬ ይከብደኛል። እምዬ አልመረቀችኝም። ዳር ዳሩን ሳለሁ ምንም አልመሰለኝም ነበር። አሁን ግን ሳትመርቀኝ የምወጣ አይመስለኝም። አሞኛል ብዬ እቀራለሁ፤ ከቀረሁ ደግሞ ወደ ቢሮ ሥራ ይመልሱኛል፤ ሁለተኛ መርከብ ላይ አያወጡኝም። አንቺ አንድ ነገር አድርጊ።»

እኔ ምን አደርጋለሁ? ዓርብ ከትምህርት ስወጣ በቀጥታ ወደ ገጠር ሄድሁ። አባቴ አውድማው ላይ በሬዎቹን እያዞረ ነበር። እየተከተልሁት ነገርሁት።

«አባዬ፣ አንተ መርቀሃታል አይደል? ያንተ አይበቃም?» አልሁት።

«የእኔ መሸኛ ነው» አለኝ ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ። «መመለሻው እናትሽ ዘንድ ነው ያለው። እሱን ከእሷ በቀር የሚሰጣት የለም።»

«እሺ ንገርልኝ።»

«እኔ መርቄ በላክሁ በስንት መከራ ነው እራት የምበላ። አንቺው ንገሪያት፤ አንቺ እንኳን ነገ ከተማ ትገቢያለሽ።»

እናቴ በዳውላ የምትጭነውን ገብስ ታበጥር ነበር። መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁላት፤ የውኃውን ወሬም አላለፍሁ። ሰፌዱን አላቆመችም።

«በስልክ ምርቃት የለም» አለች።

«ለምን?»

«እትፍ የማይባልበት ምርቃት ምርቃት ነው? እሱ ንግግር ነው። ንግግር ከፈለገች ስንትና ስንት ተናግሬያታለሁ።»

«እትፉ እንኳን ቢቀር...»

«አይቀርም። ማኅተም የሌለው ነገር ማን ይቀበለዋል? አንቺ ያንን የትምህርት ቤት ወረቀትሽን ያለ ማኅተም ይቀበሉሻል?»

አባቴ ከአውድማው ሆኖ፣ «እትፍስ አላጣችም» አለ፤ «ያጣችው ልብ ነው።»

«አንተ ዝም በል። መርቀህ ለውኃ የሰጠህብኝ አንተ ነህ።»

አባቴ ጅራፉን አነሣ። በሬዎቹ ገብሱን እየረገጡ ዞሩ።

በማግሥቱ አህያዋን ጭነን ከእናቴ ጋር ገበያ ወረድን። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ እናቴ ዕቃዋን ሁልጊዜ የምታስቀምጠው አንድ ክርና ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ሱቅ ነው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የእናቴና የእርሳቸው ወዳጅነት በመተራረብ የቆመ ነው። የስልክ ማማው ከሱቃቸው ጀርባ ስለሆነ ኔትወርኩ በረንዳቸው ላይ ይጠራል፤ በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱም ደህና ነበር።

«መጣሽ የባሕሩ አማት» አሏት ሐጂ ገና ከሩቅ።

«ልጄን ለባሕር የዳረብኝ የለም፤ ይልቅ ያንን የሸጡልኝን ቀለሙ የሚለቅ ክር ይቀይሩልኝ።»

«እሱ ክር አልለቀቀም፤ አንቺ ነሽ በዕንባ ያጠብሽው።»

እናቴ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እኔ ያን ጊዜ ደወልሁ። እህቴ ወዲያው አነሣች፤ ስትጠብቅ ነው መሰለኝ የዋለችው። ነጭ ልብሷን ለብሳለች፣ ቆብ ደፍታለች። እንዲህ ለብሳ አይቻት አላውቅም ነበር፤ «እርስዎ» ልላት ቃጣኝ። ከኋላዋ የመርከቡ ብረት አለ፤ ከብረቱ ወዲያ ያ ውኃ አለ።

ስልኩን ወደ እናቴ አዞርሁት። እናቴ ፊቷን ወደ ክሩ አዞረች።

«በሶው አለቀባት ወይ በያት» አለችኝ።

«እምዬ፣ እኔ እኮ እሰማሻለሁ» አለች እህቴ።

«አላለቀም ወይ በያት።»

«አላለቀም፤ በማንኪያ እየቆጠብሁት ነው። እምዬ፣ ነገ ነው የምንወጣ።»

እናቴ ክሩን አንሥታ አስቀመጠች፤ ሌላውን አነሣች። ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እናቴ ፊቷን ሳትመልስ በጎን አየት አደረገችና፣ «ያ ከኋላሽ ያለው እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄድ?»

እህቴ ጥያቄው አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እናቴ የምታውቀው ውኃ የሚሄድ ነው። ክረምት ይመጣል፣ ያገኘውን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ዓይኗን ከፍታ ያየችው ውኃ ወንድሟን ይዞ ሲሄድ ነው።

«የትም አይሄድም እምዬ» አለች እህቴ። «እዚህ ነው የሚያበቃ። ወንዝ ሁሉ መጥቶ እዚህ ይገባና በቃ፣ ይቆማል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«የበሽሎም?»

ካርታው በሐሳቤ መጣልኝ፤ ጂኦግራፊ መምህራችን ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የሳለልንና ደብተሬ ላይ የገለበጥሁት ካርታ። ቁልቁል በጣቴ ሄድሁበት፤ እስከ ታች፣ እስከ ባሕሩ፣ እህቴ የቆመችበት ድረስ። ስንት ዓመት ያንን ካርታ ሳየው፣ እህቴ ከሄደች ወዲያም የእሷን ወደብ ስፈልግበት፣ አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም ነበር።

«አዎ እምዬ» አልሁ። «በሽሎ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ሱዳንን ያልፋል፣ ግብፅን ያልፋል፣ ከዚያ የሚገባው እሷ ካለችበት ባሕር ነው። ያው ራሱ ባሕር ነው።»

ሐጂ ቀስ ብለው፣ «ያን ጊዜ ግድቡም አልነበረ፤ የሚይዘው የለም» አሉ።

እናቴ የገብሱ ዳውላ ላይ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋችልኝና ስልኩን ተቀበለችኝ። ስልክ በእጇ ይዛ አታውቅም፤ እኔ ነበርሁ የምይዝላት። እንደ ወጭት በሁለት እጇ ያዘችው። ካሜራውን በጣቷ ስለሸፈነችው እህቴ ጨለማ ብቻ ነበር የሚታያት፤ ላስተካክልላት እጄን ስሰድ ትከሻዬን በክርኗ ገፋችው። እናቴ እያየች ነበር። አውራ ጣቷ ውኃውን አልከለለም።

«እንግዲህ እዚያ ነው ያለው» አለች።

እህቴ ቆቧን አወለቀች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «እኔም እኮ እዚሁ ነኝ እምዬ» አለች። «ብቻውን አይደለም።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ ከብት ከሩቅ የምትጠራበት ድምፅ። ልጇ የቱን ያህል ሩቅ እንደሆነች ገና ያን ጊዜ የለካችው ይመስል ነበር።

«ዝቅ በይ» አለች።

እህቴ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ ተንበረከከች። ፊቷ ጠፋ፤ የሚታየን መሃል አናቷ ብቻ ሆነ፣ በሁለት የተከፈለው ጸጉሯ። ከኋላዋ አንድ ሌላ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያልፍ አየና ቆመ። ምን እንደሆነ አልገባውም ይሆናል፤ ግን እሱም ቆቡን አወለቀ።

«መርገጫ አትጪ» አለች እናቴ።

«አሜን» አልን።

«ሆድሽ ይርጋ። ዓይንሽ ዳር አይጣ። ውኃው አልጋ ይሁንልሽ፤ ነፋሱ ወንድም ይሁንሽ።»

«አሜን።» ሐጂ «አሚን» አሉ። ከበረንዳው ሥር በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች ዘንቢላቸውን ትተው ቀና ብለው ነበር፤ እነሱም አሜን አሉ። ማን እንደሚመረቅ አያውቁም። ምርቃት ከተሰማ አሜን ይባላል።

እናቴ የጨረሰች መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እሱ አሻግሮ ቀረ። አንቺን አሻግረሽ የምትመለሽ ያርግሽ።»

«አሜን» አልን። እናቴም ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችና የእህቴ አናት በሚታይበት ላይ እትፍ፣ እትፍ አለች። መስታወቱ ላይ ጠብታዎቹ ቀሩ። በዚያ ማዶ እህቴ ቀና አለች። ምንም የነካት ነገር የለም፤ ሊነካትም አይችልም፤ ይህን አውቃለሁ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። እሷ ግን እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደችና ሰው የተመረቀበትን እንደሚያደርገው ቀስ አድርጋ ቀባችው።

ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስልኩን ተቀብዬ በነጠላዬ ልጠርገው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፤ ራሱ ይድረቅ።»

ሐጂ መቀሳቸውን አነሡ። «ይህን ምርቃት በነፃ ሰጥተሽ ነው ክር ልትከራከሪኝ የመጣሽ?» አሉ። ክሩን ግን ቀየሩላት።

እሑድ ጠዋት አንዲት መልእክት ብቻ መጣች፦ «መሰላሉን በሩጫ ወጣሁት።» ከዚያ ዝም። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ በየቀኑ ስጽፍላት ሰነበትሁ፤ ስትመለስ ታነበዋለች። የቀዩ በሬ እግር ዳነ፣ ውቂያው አለቀ፣ የድመቷ ልጆች ዓይናቸውን ገለጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ገበያ መጣች። ከበርበሬ ሻጮቹ አንዷ፣ «ያች የተመረቀችው ልጅሽ ናት ለካ፤ ሥራዋ ምንድን ነው?» ስትላት ሰማሁ። «አሻጋሪ ናት» አለች እናቴ፤ ስለ ተራ ሥራ እንደሚነገረው ተናግራ አለፈች። ከዚያ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «በይ ውኃውን አሳዪኝ» አለችኝ።

እህቴ የሌለችበትን ፎቶ አወጣሁላት፤ ውኃ ብቻ ያለበትን። መስታወቱን አልጠረግሁትም ነበርና የደረቁት ነጠብጣቦች ባሕሩ ላይ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ። እናቴ አተኩራ አየችው። ገበያው ይንጫጫል፣ አህዮች ያናፋሉ፣ ሐጂ ከአንዲት ሴት ጋር በክር ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። እሷ ዓይኗን ሳትጨፍን ባሕሩን ታያለች።

«ብዙ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምትናገረው።